ሐኪሙ እያወቀ መንጃ ፈቃድ ሰጪው ሳያውቅ፦ ለመንዳት ብቁ ያልሆኑ ታካሚዎችን ማን ያሳውቅ?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የእንግሊዝ ላንካሻየር ከፍተኛ የአሟሟት መርማሪ (ኮሮነር) ጄምስ አዴሊ ለአገሪቱ መንግሥት አንድ የማስጠንቀቂያ ሪፖርት ላኩ። ሪፖርቱ በሦስት የተለያዩ የመኪና አደጋዎች ሕይወታቸው ስላለፈ አራት ሰዎች የሚያትት ሲሆን፣ አደጋዎቹን ያደረሱት አሽከርካሪዎች የማየት ችሎታቸው ሕጉ ከሚጠይቀው መጠን በታች የወረደ ነበር። ከአሽከርካሪዎቹ መካከል መንዳት እንደሌለባቸው አስቀድሞ በዓይን ባለሙያ የተነገራቸው ነበሩበት። መርማሪው የአገራቸውን ቁጥጥር በአውሮፓ እጅግ የላላው ሲሉ ተቹት፤ ሥርዓቱ የቆመው በዋናነት አሽከርካሪው ስለ ዓይኑ ራሱ በሚሰጠው ቃል ላይ ነውና።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ሐኪሙ ያውቅ ከነበረ ለምን ዝም አለ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ተከትሎ በሚደረገው የአደባባይ ክርክር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲደባለቁ ይታያል። ብዙ ሰው ሐኪም መንጃ ፈቃድ መንጠቅ የሚችል ይመስለዋል፤ አይችልም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚያግደውም የመንግሥት አካል ነው። የአንድ በሽታ ስም ብቻውን ሰውን ከመሪ የሚያወርድ የሚመስላቸውም አሉ፤ እሱም አይደለም። እንዲሁም የሕክምና ምስጢር በምንም ሁኔታ የማይከፈት ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ግን ለዚህ ምስጢር ልዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነገሮች ለይቶ፣ ሕጎቹ እንዴት እንደሚሠሩና ምን ውጤት እንዳስገኙ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመንዳት ብቃት ማለት ምን ማለት ነው?

በሕክምና ዓይን የመንዳት ብቃት ሲባል፣ አንድ ሰው ተሽከርካሪን በደኅና ለመቆጣጠር የሚያስችለው የማየት፣ የማሰብ፣ የመወሰንና አካሉን የማዘዝ አቅም በአስተማማኝ ሁኔታ አለው ወይ ማለት ነው። ብቃትን የሚያጓድሉ ሕመሞች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ድንገት የሚጥሉ ናቸው፦ የሚጥል በሽታ፣ በልብ ምት መዛባት ምክንያት ራስን መሳት፣ በስኳር ሕሙማን ላይ የሚከሰት የደም ስኳር ማነስ። ሁለተኛዎቹ ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ ናቸው፦ ዲሜንሺያ በመባል የሚታወቀው የማስታወስና የማገናዘብ አቅም መዳከም፣ ፓርኪንሰን፣ ግላኮማና ሌሎች የዓይን ሕመሞች። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚያቋርጠው ስሊፕ አፕኒያ በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ነው፤ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉ ሲቆራረጥ አድሮ ቀን ቀን መሪ ላይ ያሸልባል።

ይህ ክፍፍል ወሳኝ የሚሆነው ሁለቱ ዓይነቶች የሚመረመሩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሕመሙ በማይነሣበት ሰዓት ማንኛውንም የመንዳት ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ብቃቱ የሚለካው ሳይጥለው በቆየበት ጊዜ ርዝመት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የግል መኪና ለመንዳት በመርሕ ደረጃ 1 ዓመት ሳይጥለው መቆየት አለበት፤ ከባድ መኪና ወይም አውቶቡስ ለመንዳት ግን 10 ዓመት፣ ያውም ያለ መድኃኒት። የዲሜንሺያ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። ሕመሙ ሁልጊዜ አብሮ ስላለ በተግባር ፈተና ሊታይ ይችላል፤ በክሊኒክ ውስጥ በወረቀት የሚሰጡት አጫጭር የማስታወስ ፈተናዎች ግን ሰውየው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነዳ በደንብ አይናገሩም። በሕመሙ መነሻ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ለጊዜው በደኅና ሊነዳ ስለሚችል፣ ብዙ መመሪያዎች ምርመራው እንደታወቀ ፈቃዱ ይሰረዝ አይሉም፤ በየጊዜው ይታይ ነው የሚሉት።

የስኳር በሽታን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ሲያንስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፤ እነዚህ ምልክቶች ሲሰሙት መኪናውን ዳር አቁሞ ጣፋጭ ነገር ይወስዳል። የብሪታንያ መመሪያ እንዲህ ያለው ሰው ከመንዳቱ በፊት ስኳሩን እንዲለካ፣ መጠኑ በሊትር ከ4 ሚሊሞል ካነሰ እንዳይነዳ፣ ወደ ጤናማው መጠን ከተመለሰ በኋላም 45 ደቂቃ እንዲጠብቅ ያዛል። ምክንያቱ አንጎል ከደሙ ዘግይቶ የሚያገግም መሆኑ ነው። ከብዙ ዓመት ሕመም በኋላ ግን አንዳንድ ሕሙማን ማስጠንቀቂያዎቹን መስማት ያቆማሉ፤ ላቡም መንቀጥቀጡም ሳይመጣ በቀጥታ ይደናበራሉ፣ ከዚያም ራሳቸውን ይስታሉ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት አላቸው። አንደኛው በጥንቃቄ መንዳት ይችላል፣ ሌላው አይችልም፤ ልዩነቱንም ከማንም በፊት የሚያውቀው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው።

ስንት አደጋ ይፈቀዳል?

ፍጹም ደኅንነት የሚባል ነገር በመንገድ ላይ የለም። ወጣት ወንድ አሽከርካሪዎች ከአማካዩ በላይ አደጋ እንደሚያደርሱ በየአገሩ ይታወቃል፤ ሆኖም ወጣት በመሆናቸው ፈቃድ የነፈጋቸው የለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሕመም አደጋን ይጨምራል ወይ የሚል ሊሆን አይችልም። የጨመረው አደጋ ኅብረተሰቡ በሌሎች ላይ ከሚታገሠው ይበልጣል ወይ የሚል መሆን አለበት።

ይህን በቁጥር ለማስቀመጥ ከሞከሩት መካከል የካናዳ የልብ ሐኪሞች ማኅበር ቀመር የታወቀ ነው። ቀመሩ አራት ነገሮችን እርስ በርስ ያባዛል፦ ሰውየው ከጊዜው ምን ያህሉን መሪ ላይ ያሳልፋል፣ የሚነዳው ተሽከርካሪ ምን ያህል ጉዳት ማድረስ ይችላል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በድንገት አቅሙን የሚስትበት ዕድል ስንት ነው፣ እንዲሁም አቅሙን ሲስት ሌላ ሰው የሚገድል ወይም ክፉኛ የሚያቆስል አደጋ የመከተል ዕድሉ ስንት ነው። ውጤቱ በዓመት ከ20,000 አንድ ካልበለጠ ተቀባይነት አለው ይባላል። ጊዜውን 25 በመቶ መሪ ላይ ለሚያሳልፍ የከባድ መኪና ሾፌር ስሌቱ በዓመት 1 በመቶ ያህል ራስን የመሳት ዕድልን ብቻ ይፈቅዳል። ከጊዜው 4 በመቶውን ብቻ ለሚነዳ የቤት መኪና ባለቤት ግን እስከ 22 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ብሪታንያም በተመሳሳይ አስተሳሰብ፣ የሕመም መነሣት ዕድልን ለግል መኪና በዓመት 20 በመቶ፣ ለከባድ ተሽከርካሪ 2 በመቶ ላይ ወስናለች።

22 በመቶ የሚለው ቁጥር አንባቢን ሊያስደነግጥ ይችላል፤ በሐኪም ቤት አካባቢም የሚያከራክር ነው። ያም ሆኖ ቀመሩ በአደባባይ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ያሳያል፦ ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሁለት ሰዎች እንደ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ውሳኔ ሊሰጣቸው ይገባል። በሽታው መታወቁ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፤ ሐኪሙ ታካሚው ምን ዓይነት ተሽከርካሪ፣ ለምን ያህል ሰዓት እንደሚነዳ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ በጥድፊያ በሚካሄድ ምርመራ ውስጥ በቀላሉ የሚረሳ ነው።

በአሽከርካሪው ቃል ላይ መደገፍ የት ላይ ይሰበራል?

ብዙ አገሮች የማሳወቅን ግዴታ በመጀመሪያ የጣሉት በአሽከርካሪው በራሱ ላይ ነው። በብሪታንያ ሕመሙን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያላሳወቀ አሽከርካሪ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ዕድሜው 70 የደረሰ ሰው በየ3 ዓመቱ ፈቃዱን ሲያድስም ስለ ጤንነቱ ራሱ ሞልቶ ያረጋግጣል። አሠራሩ ርካሽ ነው፣ የሰውን ክብር ይጠብቃል፣ አብዛኛው ሰው እውነቱን የሚናገር ከሆነም ይሠራል።

የማይሠራው በሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ነው። አንደኛው እያወቀ የሚደብቅ ነው። በዲሴምበር 22 ቀን 2014 በግላስጎው ከተማ የቆሻሻ መኪና የሚነዳ ሠራተኛ መሪ ላይ ራሱን ስቶ 6 እግረኞች ሞቱ። በዳኛው (ሸሪፍ) ጆን ቤኬት የተመራው ይፋዊ ምርመራ፣ ሾፌሩ ከአራት ዓመት በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት አውቶቡስ ላይ ሳለ ራሱን ስቶ እንደነበረ፣ ስለ ሁኔታውም ለሐኪሞቹ የተሳሳተ ታሪክ እንደነገረ ደረሰበት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሐኪሞቹ ያሳውቁ የሚል ግዴታ ቢኖርባቸውም እንኳ የተነገራቸው ታሪክ የሚያሳውቁት ነገር አይሰጣቸውም ነበር። የግላስጎው አደጋ የሐኪሞችን ግዴታ ለማጥበቅ እንደ ዋና ማስረጃ ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ነው፤ በጥንቃቄ ሲታይ ግን የግዴታውን ወሰን ጭምር የሚያሳይ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው የሚደብቀው የለውም፣ ምክንያቱም መታመሙን አያውቅም። ከስትሮክ በኋላ የእይታ መስኩ በአንድ ወገን የጠፋበት ሰው ጨለማ አይታየውም፤ አንጎሉ ክፍተቱን ስለሚሞላው ሁሉም ነገር ሙሉ መስሎ ይታየዋል። ግላኮማም መጀመሪያ የሚበላው የዳርቻውን እይታ ስለሆነ ሰውየው ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ እያነበበ ከጎኑ የሚመጣውን ብስክሌት አያይም። ዲሜንሺያ ደግሞ ራሱን ድክመትን የመገንዘቡን አቅም ይወስዳል። እነዚህ ሰዎች ቅጹ ላይ "ጤነኛ ነኝ" ብለው ሲፈርሙ እየዋሹ አይደለም። ከፈቃድ ሰጪውም ከራሳቸውም የተሻለ መረጃ ያለው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የሐኪሞችን ሚና የሚደግፈው ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያም ይህ ይመስለኛል።

አገሮች የመረጧቸው መንገዶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሕጎች በሁለት ዋና መስመሮች ይሄዳሉ። በአስገዳጁ መስመር ሐኪሙ የተወሰነ ሕመም ያለበትን አሽከርካሪ ማሳወቅ ግዴታው ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ1968 ጀምሮ በዚህ መስመር ላይ ናት። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳ፣ ኦሪገን፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ኒው ጀርሲና ደላዌር በሚጥል በሽታና በመሳሰሉት ላይ ይህን ግዴታ የጣሉ ግዛቶች ሆነው ይታወቃሉ፤ በአውስትራሊያ ደግሞ ደቡብ አውስትራሊያና ኖርዘርን ቴሪቶሪ። በሁለተኛው መስመር ውሳኔው ለሐኪሙ የተተወ ነው፤ ሕጉ ያሳውቅ ዘንድ አያስገድደውም፣ በቅን ልቦና ካሳወቀ ግን እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። የካናዳዎቹ አልበርታና ኩቤክ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ጃፓንም በ2011 በካኑማ ከተማ የሚጥል በሽታ የነበረበት የክሬን መኪና ሾፌር ስድስት ተማሪ ሕፃናትን ከገደለ በኋላ ሕጓን አሻሽላ፣ ከ2014 ጀምሮ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ማሳወቅ እንዲችሉ ፈቅዳለች።

ወሰኖቹ እንደሚመስሉት የደረቁ አይደሉም። ኦንታሪዮ ራሷ በ2018 ሥርዓቷን አሻሽላ፣ ግዴታውን በተዘረዘሩ ከፍተኛ አደጋ ባላቸው ሁኔታዎች ላይ ወስናለች፤ ከዚያ ውጭ ላሉት ሐኪሙ እንደ ፍርዱ እንዲያሳውቅ ተፈቅዶለታል። ግዴታው የዓይን መርማሪዎችንም ያካትታል። የላንካሻየሩ ጉዳይ እንደሚያስታውሰው፣ የአንድን አሽከርካሪ እይታ መድከም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው የመነጽር መጠን የሚለካው ባለሙያ ነው።

የምስጢሩ ሚዛን

ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የሚጠብቀው ለታካሚው ክብር ብቻ ብሎ አይደለም። ሰው የሚያሳፍረውንም የሚያስቀጣውንም ነገር ለሐኪሙ የሚናገረው ከክፍሉ እንደማይወጣ ሲያምን ነው፤ ያልተነገረ ሕመም ደግሞ አይታከምም። የአስገዳጅ ሕግ ተቃዋሚዎች የሚነሡት ከዚህ ነው። ባለፈው ወር መሪ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ንቃቱ የጠፋበት ሰው፣ ቢናገር ፈቃዱን እንደሚያጣ ካወቀ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ መድኃኒቱ አይስተካከልለትም፤ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ እንደገና ይጥለዋል፣ መንዳቱን ግን አያቆምም። በዚህ ስሌት መንገዱን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ መንገዱን የበለጠ አደገኛ ያደርገዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚም በ2007 ባወጣው አቋም፣ ሐኪሞች እንዲያሳውቁ ከመገደድ ይልቅ እንዲፈቀድላቸውና ሕጋዊ ከለላ እንዲኖራቸው ደግፏል።

የሌላኛው ወገን መልስ ቀላል አይደለም። በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ በሐኪሙና በታካሚው መካከል ባለው ውል ውስጥ ድምፅ የለውም፤ የምስጢሩ ዋጋ ግን በእሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ (አንድ ታካሚ ሰው እንደሚገድል ለሥነ ልቦና ሐኪሙ በነገረበት ጉዳይ) ላይ የሰጠው ፍርድ መኪናን የሚመለከት ባይሆንም፣ የታካሚ ምስጢር ጥበቃ የሌሎች ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወሰን እንዳለው በግልጽ አስቀምጧል። በተጨማሪም ግዴታው ሐኪሙን ራሱን ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ፤ "ሕጉ ያስገድደኛል" ማለት ከሚያውቁት ታካሚ ጋር ፊት ለፊት ሆኖ "እኔ ወስኛለሁ" ከማለት ይቀላል። በትንሽ ከተማ አንድ ቤተሰብን ለብዙ ዓመት ሲያክም ለኖረ ሐኪም ይህ ተራ ነገር አይደለም።

የብሪታንያ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት በዚህ መካከል የዘረጋው ቅደም ተከተል በዝርዝር መታየት የሚገባው ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ሕመሙ በመንዳት ላይ ምን እንደሚያስከትልና ማሳወቅ የታካሚው የራሱ ሕጋዊ ግዴታ መሆኑን ይነግረዋል። ታካሚው የምርመራውን ውጤት ካልተቀበለ ሌላ ሐኪም እንዲያየው ይመክረዋል፤ እስከዚያ ግን እንዳይነዳ ያሳስበዋል። እምቢ ብሎ መንዳቱን ከቀጠለ ሊያሳምነው ይሞክራል፤ ታካሚው ከፈቀደ ዘመዶቹንም ያነጋግራል። ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ሌሎችን ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚዳርግ ሁኔታ ካለ፣ ሐኪሙ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሕክምና አማካሪ ያሳውቃል። ከማሳወቁ በፊት ለታካሚው ይነግረዋል፤ ካሳወቀም በኋላ በጽሑፍ ያረጋግጥለታል፣ በካርዱም ላይ ይመዘግባል። የሥርዓቱ ጥንካሬ ምስጢሩ ከታካሚው ጀርባ አለመከፈቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሐኪሙ ታካሚው መንዳቱን መቀጠሉን የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው፤ "አቁሜአለሁ" ያለው ሰው ከግቢው ሲወጣ መኪናውን ያስነሣ አያስነሣ ማንም አይከተለውም።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ለማሳወቅ ደጋፊዎች የቀረበው ትልቁ ማስረጃ ከኦንታሪዮ የመጣ ነው። ግዛቲቱ በ2006 ለመንዳት ብቁ ላይሆን የሚችልን ታካሚ ለሚያስጠነቅቁና ለሚያሳውቁ ሐኪሞች ክፍያ መስጠት ጀመረች። ዶናልድ ሬደልማየርና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ጥናት ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸውን ከ100,000 በላይ ታካሚዎች ተከታትሎ፣ በአሽከርካሪነት ላይ ሳሉ በደረሰ አደጋ ለድንገተኛ ሕክምና የሚመጡት ከማስጠንቀቂያው በኋላ በ45 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳየ። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

ይኸው ጥናት ግን የነገሩን ሌላ ገጽም መዝግቧል፦ ከማስጠንቀቂያው በኋላ በድብርት ምክንያት ለድንገተኛ ሕክምና የሚመጡት ጨምረዋል፣ ወዳስጠነቀቃቸው ሐኪም ተመልሰው የሚመጡትም ቀንሰዋል። ማለትም ደጋፊዎቹ የሚሉት ጥቅምም፣ ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩት ጉዳትም በአንድ ጥናት ውስጥ አብረው ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ወገን የሚስማማውን ግማሽ ብቻ መጥቀሱ የዚህ ክርክር መጥፎ ልማድ ሆኗል።

የሚጥል በሽታን በተመለከተ ማስረጃው ደብዛዛ ነው። አስገዳጅ ሕግ ያላትን ኦንታሪዮን ውሳኔውን ለሐኪሙ ከተወችው አልበርታ ጋር ያነጻጸረ በ2007 የታተመ ጥናት፣ አስገዳጁ ሕግ የሕሙማኑን የመኪና አደጋ ዝቅ እንዳደረገ የሚያሳይ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱ የካናዳ ግኝቶች ይጋጫሉ ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያው የለካው ለተወሰነ ሰው በሐኪሙ በቀጥታ የተሰጠን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው የለካው ሕጉ በመላው የሕሙማን ቁጥር ላይ ያለውን ውጤት ነው። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው ይጠነቀቃል፤ ሕጉን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ያልቀረበ ሰው ግን በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አይገባም።

ከዚህ የሚለየው በዕድሜ ላይ የተመሠረተ የጅምላ ምርመራ ነው። ፊንላንድ በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪዎችን በሐኪም ታስመረምር በነበረበት፣ ስዊድን ግን ባላስመረመረችበት ጊዜ የተደረገ ንጽጽር በ1996 ታትሟል፤ የፊንላንድ ምርመራ የአደጋ ቅነሳ እንዳስገኘ አላሳየም፣ ይልቁንም በእግር ሲሄዱ የሚሞቱ አረጋውያን በዚያ በዝተው ተገኙ። በዴንማርክ የማስታወስ ፈተና በግዴታ ከተጀመረ በኋላ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ አገሪቱም በ2017 በዕድሜ ብቻ የሚደረገውን የሐኪም ምርመራ አስቀረች። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፦ መኪናውን የተወ አረጋዊ ከቤት መውጣቱን አይተውም፣ በእግሩ ወይም በብስክሌት ወደዚያው መንገድ ይወጣል፤ ደካማ አካል ደግሞ ከብረት ሽፋን ውጭ ሲሆን በትንሽ ግጭት ይሞታል። ከዚህ በተጨማሪ ጤነኛ የሆኑትም፣ በተለይ ሴቶች፣ የምርመራውን ውጣ ውረድ ሽሽት ፈቃዳቸውን ሳያድሱ የሚተዉበት ሁኔታ አለ።

ከሪፖርቱ በኋላ ያለው ክፍተት

የአደባባይ ክርክሩ የሚያልቀው ሐኪሙ ቅጹን ሲሞላ ነው። ለታካሚው ግን ነገሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል መረጃውን ተቀብሎ ተጨማሪ የሕክምና ማስረጃ ሊጠይቅ፣ የመንገድ ላይ ፈተና ሊያዝ፣ ፈቃዱን ለጊዜው ሊያግድ፣ ወይም በገደብ ሊፈቅድ ይችላል፤ በቀን ብቻ፣ ከመኖሪያ አካባቢ ሳይርቁ፣ ወይም በፈጣን መንገድ ላይ ሳይወጡ መንዳት ከገደቦቹ መካከል ናቸው። ይህ ደረጃ ፈጣንና ግልጽ ከሆነ ታካሚው ውሳኔው በእሱ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያያል። ወራት የሚፈጅና መልስ የማይሰጥ ከሆነ ግን ሪፖርቱ ራሱ ቅጣት ይሆናል፤ ሐኪሞችም ይህን ስለሚያውቁ፣ የከፋ ነገር ካላዩ በቀር ከመጻፍ ይቆጠባሉ።

በኔ ግምት የሁሉም ሕጎች ስኬት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አስገዳጅ ይሁን ፈቃደኛ የሚለው ምርጫ ብዙ ቀለም ፈሶበታል፤ የመመለሻ በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑ ግን ከዚያ የበለጠ የሰዎችን ጠባይ የሚለውጥ ይመስላል። "ለአንድ ዓመት ሳይጥልህ ከቆየህ ፈቃድህ ይመለሳል" የተባለ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ ምክንያት አለው፤ ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሾፌር በእንቅልፍ ጊዜ አየር የሚገፋውን መሣሪያ ከተጠቀመ ሥራው ላይ እንደሚቆይ ካወቀ ምርመራውን አይሸሽም። የመጨረሻውን ውሳኔም ከሚያክመው ሐኪም ማራቅ ያስፈልጋል። አካሚው የሚያውቀውን ይናገር፤ ብቃቱን የሚመዝነው ግን ሌላ የሠለጠነ ሰው ይሁን። ሁለቱን ሚናዎች በአንድ ሰው ላይ መጫን ሐኪሙን ለታካሚው ዳኛ ያደርገዋል።

ለግዴታው የሚመቸው ቦታም ጠባብ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በድንገት ራስን የመሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሆኖ ታካሚው ማቆምን እምቢ ሲል፣ እንዲሁም ሕመሙ የማመዛዘን አቅሙን ወስዶበት ምክር መቀበል ሲያቅተው፣ ለሐኪሙ ምርጫ የሚተው ነገር ብዙ የለም። ከባድ መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ የሚነዱ ሰዎች ላይም ቀመሩ ራሱ ጥብቅ ሕግን ይደግፋል። ከነዚህ ውጭ ባሉት ሰፊ ጉዳዮች ላይ ግን ሕጋዊ ከለላ ያለው የሐኪም ፍርድ ከረጅም የበሽታ ዝርዝር የተሻለ ይመስለኛል። ዝርዝር የሚያየው በሽታውን ነው፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን የሚሰማውን የስኳር ሕመምተኛ ከማይሰማው አይለይም።

ወደፊት የሚጠበቀው

የመንጃ ፈቃድ ያላቸው አረጋውያን ቁጥር በብዙ አገሮች እየጨመረ ስለሆነ ጉዳዩ በየጊዜው መነሣቱ አይቀርም። በ2025 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የመንጃ ፈቃድ መመሪያ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ የጤና ማጣሪያ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ለግል መኪና ግን አባል አገሮች በሐኪም ምርመራ ፈንታ አሽከርካሪው ራሱ የሚሞላውን ቅጽ እንዲመርጡ ዕድል ሰጥቷል። ስለዚህ ኅብረቱ አንድ ወጥ መልስ ላይ አልደረሰም፤ ክርክሩ ወደየአገሩ ፓርላማ ተዛውሯል።

በቅርብ የሚጠበቀው ለውጥ በዓይን ምርመራ በኩል ያለ ይመስላል። እይታ በቀላሉና በትክክል ይለካል፣ ዝቅተኛው መስፈርት በቁጥር የተቀመጠ ነው፣ ከሕመሞቹ ብዙዎቹም በመነጽር ወይም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላሉ። የማስታወስ ችግር እንዲህ የሚለካ አይደለም፤ ስለዚህ የዓይን ሕግ ሠርቷል ተብሎ ተመሳሳይ ፈተና ወደ ዲሜንሺያ መዛወሩ የዴንማርክን ውጤት ሊደግም ይችላል።

ብዙም ያልተነካው ጥያቄ የሾፌርነት ሥራ ነው። መሪ ላይ ራሱን የሳተ ባለሙያ ሾፌር እውነቱን ከተናገረ የሚያጣው እንጀራውን ነው፤ በብሪታንያ ያለ ግልጽ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው የግል መኪናውን ለመንዳት በአብዛኛው 6 ወር ይጠብቃል፣ ከባድ መኪና ለመንዳት ግን 5 ዓመት። 5 ዓመት ያለ ሥራ መቀመጥ የማይችል ሰው ለሐኪሙ የሚነግረው ታሪክ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። የአሠሪዎች ወደ ሌላ ሥራ የማዛወር ግዴታና የጊዜያዊ የገቢ ዋስትና በመንጃ ፈቃድ ሕጎች ውስጥ እምብዛም አይገኙም። እነሱ እስካልተጨመሩ ድረስ ሐኪሙ ላይ የሚጣለው ግዴታ የሚደርሰው ታካሚው ሊነግረው እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ነው።